የካርቱም የብርድ ወራት በቱቲ ደሴት እርሻ

ካርቱም ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሙቀቷ ነው። በዚያች ከተማ ያለፈ የሠራዊት አባል ሁሉ ለቤተሰቡ የሚያወራው ስለ ፀሐይዋ፣ ስለ አቧራዋና ጥላ ስለሚፈልገው ሕዝቧ ነው። ይህ ሐሰት አይደለም፤ በግንቦት ወር የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ «ሃቡብ» የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣም ቀኑ እንደ ምሽት ይጨልማል። ይሁን እንጂ ካርቱም ሌላም ገጽ አላት። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከሰሜን በረሃ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከተማዪቱን ያበርዳታል። በጥር ወር ቀኑ ከ30 ዲግሪ ብዙም አይዘልም፤ ሌሊቱ ወደ 16 ዲግሪ ዝቅ ይላል። ለእኛ ለደጋ ልጆች ይህ ብርድ አይባልም። የካርቱም ሰው ግን ጋቢ የመሰለውን ወፍራም ልብሱን ተከናንቦ፣ እጆቹን እያፋተገ «ዘንድሮ ብርዱ በረታ» ይላል።

ሱዳኖች ይህን ወቅት «ሺታ» ይሉታል፤ በመዝገበ ቃላት ትርጉሙ ክረምት ነው። እኛ ክረምት የምንለው ግን ሰኔ ገብቶ በመስከረም የሚወጣውን የዝናብ ጊዜ ነው። ሁለቱ ክረምቶች በስም ብቻ የሚገናኙ ይመስላል እንጂ በሥራም የተያያዙ ናቸው። የእኛ ክረምት ከጎጃምና ከወሎ ተራራዎች ያጠበው አፈር በጥቁር ዓባይ ወርዶ ካርቱም ይደርሳል፤ ወንዙ ሲጎድል በዳርቻው የሚቀረው ያ አፈር የሱዳኑን ክረምት ሰብል ያበቅላል። ይህን ነገር በመጽሐፍ ማንበብ አንድ ነው፤ በእርሻው መካከል ቆሞ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ እርሻና ስለ ባለቤቶቹ ነው።

ወዳጅነታችን

በዳርፉር የተባበሩት መንግሥታትና የአፍሪካ ኅብረት ጥምር የሰላም አስከባሪ ኃይል ከ2000 እስከ 2013 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የኢትዮጵያ ሠራዊት አባላት በስፋት መሳተፋቸው ይታወቃል። በዚያ ግዳጅ ከእኛ ጋር ከሠሩት አስተርጓሚዎች አንዱ የካርቱም ልጅ ነበር። አማርኛን ከአንድ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ለምዶ «እንደምን አደራችሁ» እያለ በየድንኳኑ ይዞር ስለ ነበር ወታደሩ ሁሉ ይወደዋል። ምሽት ላይ ስለ አባቱ እርሻ ሲያወራ እንኳን ለእኛ ለገበሬ ልጆች፣ ከተማ ላደጉትም ጆሮ ይስብ ነበር። በጥር ወር 2007 ዓ.ም. ለሥራ ጉዳይ ካርቱም ጥቂት ቀናት በቆየሁ ጊዜ እርሱም በዕረፍት ላይ ስለ ነበረ «ሳታየው አትሄድም» ብሎ ወደ ቱቲ ወሰደኝ።

ደሴቲቱ

ቱቲ በጥቁር ዓባይና በነጭ ዓባይ መገናኛ ላይ የተቀመጠች ደሴት ናት። ሱዳኖች መገናኛውን «ሞግራን» ይሉታል። በደቡብ ካርቱም፣ በምዕራብ ኡምዱርማን፣ በምሥራቅና በሰሜን ደግሞ ባሕሪ የምትባለው ሰሜን ካርቱም ከበዋታል። ስፋቷ ወደ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዙሪያዋ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባቸው ሦስት ከተሞች ሳሉ፣ እርሷ ግን ለብዙ ዘመን የጀልባና የእርሻ አገር ሆና ኖራለች። ወደ ደሴቲቱ ይሻገሩ የነበሩት በጀልባ ነበር። ከካርቱም ጋር ያገናኛት ተንጠልጣይ ድልድይ የተሠራው በ2000 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ነዋሪዎቿ በብዛት ከሰሜን ሱዳን ኑብያ የመጡ መሐስ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ቁርዓን በማስተማር የታወቁ ሊቃውንት ከመካከላቸው ወጥተዋል። በ17ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከቱቲ ተሻግሮ፣ በዛሬዋ ካርቱም ቦታ ላይ ትምህርት ቤት የከፈተው አርባብ አል ዓቃኢድ የዚሁ ወገን ሰው ነበር። ስለዚህ የቱቲ ሽማግሌዎች «ካርቱም የእኛ ልጅ ናት» ሲሉ ከቀልድ በላይ ነው።

ድልድዩን ተሻግረን ትንሽ እንደ ተጓዝን የመኪናው ድምፅ ቀረ። መንገዱ ጠበበ፤ የጭቃ ግንብ አጥሮች፣ የሎሚና የማንጎ ዛፎች፣ በጥላ ሥር የተደረደሩ የሸክላ ጋኖች ታዩ። ጋኖቹ «ዚር» ይባላሉ፤ አላፊ አግዳሚ እንዲጠጣባቸው ባለቤቶቹ ጠዋት ጠዋት ውኃ የሚሞሏቸው ናቸው። ከጋኑ አፍ ላይ ቆርቆሮ ኩባያ በገመድ ታስሮ ይንጠለጠላል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ጠጥቶ ያልፋል።

እርሻው

የወዳጄ አባት እርሻ ወደ ሰሜን፣ ከወንዙ ዳር ነበር። ስፋቱ አምስት ፈዳን ያህል ሲሆን አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያንሳል። ከመሬቱ ከፊሉ ከፍ ያለውና ዓመቱን ሙሉ በፓምፕ ውኃ የሚጠጣው ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ ሎሚ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ለከብት መኖ የሚሆን በርሲም የሚባለው አልፋልፋ ተተክሎበታል። ቀሪው «ጀርፍ» ነው። ጀርፍ ማለት ወንዙ በነሐሴና በመስከረም ሞልቶ የሚሸፍነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ ሲጎድል የሚተወው የዳርቻ መሬት ነው።

አባቱን «ሐጅ» እያልን ነው የምንጠራቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ነጭ ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በቦዩ መካከል ቆመው ነበር። በእጃቸው መኮትኮቻ ይዘዋል። ሰላምታው እንደ አገሩ ልማድ ረዘመ፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ አገሩ ዝናብ ሳይቀር ጠየቁኝ። እኔም እጃቸውን ይዤ እንደ ምንም በተማርሁት ዐረብኛ መለስሁ። ከዚያም እጄን ሳይለቁ ወደ ጀርፉ ወሰዱኝ።

ያን ጊዜ ባቄላው አበባ ይዞ ነበር። ባቄላ በሱዳን የብርድ ወራት ሰብል ነው፤ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይዘራል፤ በየካቲትና በመጋቢት ይሰበሰባል። ብርዱ አጥሮ ሙቀቱ ቶሎ ከመጣ አበባው ይረግፋል፤ ፍሬው ይቀንሳል። ከባቄላው ጎን ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቅጠሉ የሚበላው ጀርጂርና ቀይ ሥር ያለው ፍጅል በየመደባቸው ተሰልፈዋል። ሐጅ ጎንበስ ብለው ከቦዩ ዳር ጥቁር ጭቃ ዘገኑና በእጄ ላይ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህ የአገርህ አፈር ነው» አሉ። «አባቴ ማዳበሪያ የሚባል አያውቅም ነበር፤ ከአገራችሁ የሚመጣው ይበቃው ነበር።»

ይህ አነጋገር የእንግዳ ማሞገሻ ብቻ አይደለም። ጥቁር ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ካርቱም እስኪደርስ ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ካርቱም 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በክረምት ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው ውኃ ከባድ ደለል ይሸከማል። ውኃው ቡናማ ሆኖ ካርቱም ሲገባ፣ ረጋ ብሎ የሚመጣውን ነጭ ዓባይን ገፍቶ ወደ ኋላ ያቆመዋል። በብርድ ወራት ግን ጥቁር ዓባይ ይጠራል፤ ከሞግራን ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው የሁለቱን ውኆች ልዩ ልዩ ቀለም ጎን ለጎን ያያል። ዐረቦች ጥቁር ዓባይን «አዝረቅ» ይሉታል፤ ቃሉ ሰማያዊ ማለት ሲሆን በሱዳኖች አነጋገር ጥቁርንም ይጨምራል። እኛም ጥቁር ማለታችን ከዚህ ይስማማል።

ቀድሞ ውኃ የሚሳበው በሬ በሚያዞረው «ሳቂያ» ነበር። ሐጅ በልጅነታቸው ሌሊት ሌሊት በሬውን እየነዱ የመንኰራኵሩን ጩኸት ሲሰሙ ማደራቸውን አጫወቱኝ። በኋላ የናፍጣ ፓምፕ መጣ። የቤቱ ሀብት ሁሉ በዚያ ፓምፕ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ ክፍሉን ቆርቆሮ አልብሰው በቁልፍ ዘግተውታል።

ስለ ግድቡ የተጠየቅሁት

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ወደ ሱዳን ገበሬ ቤት ገብቶ ስለ ግድብ ሳይጠየቅ አይወጣም። ታላቁ የህዳሴ ግድብ በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በዚያን ጊዜ በመሠራት ላይ ነበር።

«ግድባችሁ ውኃውን ያስቀርብን ይሆን?» አሉኝ ሐጅ።

«ሐጅ፣ ውኃው መብራት የሚያመነጨው አልፎ ሲሄድ ነው፤ ታግዶ ቢቀር ለእኛም አይጠቅምም» ብዬ መለስሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ውኃውስ ይምጣ» አሉ፤ «ጭቃውስ?»

ጥያቄው የገበሬ ጥያቄ ነበር። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህን የመሰለ ሰፊ ሐይቅ ከሚገባበት ደለል አብዛኛውን ያስቀራል፤ የወንዙንም ሙላት ያለዝባል። ለደሴት ገበሬ የሙላቱ መለዘብ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ወንዙ በየዓመቱ ዳርቻውን እየሸረሸረ መሬት ይወስድበት ነበርና። በሌላው ወገን አባቶቹ በነጻ ያገኙት የነበረውን የአፈር ሲሳይ በፍግና በማዳበሪያ መተካት ይኖርበታል። ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ሰዎች ጥቅሙንም ጉዳቱንም በግልጽ ቢነጋገሩት የሚበጅ መሆኑን ያን ዕለት ከሐጅ ተምሬአለሁ።

ከወንዙ ጋር የተደረገው ጥበቃ

የቱቲ ሰው ወንዙን እንደ ወታደር ይጠብቀዋል። በሙላት ወራት በደሴቲቱ ዙሪያ «ታያ» የሚባሉ የጥበቃ ጣቢያዎች ይቋቋማሉ። ወንዶች በተራ እየወጡ የውኃውን ከፍታ ሌሊትና ቀን ይከታተላሉ፤ የተሰነጠቀ ዳርቻ ሲታይ ጥሪ ይደረግና ሁሉም አፈር የሞላ ጆንያ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ሴቶች ምግብና ሻይ ያደርሳሉ። በ1938 ዓ.ም. ክረምት በመጣው ታላቅ ሙላት ጊዜ የደሴቲቱ ሰዎች ያደረጉት ተጋድሎ በዘፈን ሳይቀር ይነገርላቸዋል። በ1980 ዓ.ም. ክረምት ካርቱምን ያጥለቀለቀው ዝናብና ሙላትም በሽማግሌዎቹ ዘንድ የቅርብ ትዝታ ነው። አንድ መደበኛ የጦር ክፍል ጥበቃውን ከዚህ የተሻለ አያደራጅም ብል ማጋነን አይሆንም።

በቤት ውስጥ

ይህ ክፍል በተለይ ለቤት እመቤቶች ነው። የወዳጄ እናት በቀለም ያጌጠ ቶባቸውን አጣፍተው በር ላይ ተቀበሉን። ቶብ እንደ እኛ ነጠላ ከላይ የሚጣል፣ ግን መላ ሰውነትን የሚሸፍን ረጅም ልብስ ነው። በጥላው ሥር «አንገረብ» የሚሉት የጠፍር አልጋ ተዘርግቶልን ነበር፤ የአያቶቻችንን አልጋ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ምሳው ክስራ ነበር። ክስራ ከቦካ የማሽላ ሊጥ በምጣድ ላይ የሚጋገር፣ ከእንጀራ እጅግ የሳሳና ዓይን የሌለው ነው። እናቲቱ ሊጡን በምጣዱ ላይ አፍስሰው በዘንባባ ቅጠል ቁራጭ በአንድ ስንዘራ ወደ ዳር ይገፉታል፤ ዐይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ይበስላል። ወጡ በደረቅ ባሚያ ዱቄት የወፈረ ነበር። በጠዋቱ ደግሞ ባቄላ ቀረበልን። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ እዚህ ላስፍረው፦ ደረቅ ባቄላ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ በአፈ ጠባብ ድስት ውኃ ተጨምሮበት በቀስታ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ይበስላል፤ ጠዋት በጠርሙስ ቂጥ ደቀቅ ይደረግና የሰሊጥ ዘይት፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ከሙንና ጨው ይጨመርበታል። አይብና ጀርጂር ከጎኑ ይቀርባል። ሰሊጥ ዘይት በሌለበት ኑግ ዘይት ብታደርጉበት ባቄላው አያፍርባችሁም።

ከዚያም ቡና መጣ። የሚፈላበት ሸክላ እነርሱም ዘንድ ስሙ «ጀበና» ነው። ዝንጅብል ይገባበታል፤ በትንንሽ ፍንጃል ይቀርባል። እናቲቱ ፍሬውን ሲቆሉ ጢሱን በእጃቸው ወደ እንግዳው ሲያራግቡ ባየሁ ጊዜ ሚስቴን አስታወሱኝ። ይህን በወዳጄ አንደበት ስነግራቸው ሳቁና «ላንተ ሳይሆን ለእርሷ ነው» ብለው አንድ ከረጢት ከርከዴ አስያዙኝ።

የመሬቱ ነገር

ማታ ላይ ከባዱ ጨዋታ መጣ። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ የደሴቲቱ መሬት ዋጋ ወጥቶለታል። በዓረብ አገር የሚሠራው የቤቱ የበኵር ልጅ ደውሎ፣ ከላይኛው መሬት ሁለት ፈዳን ለቤት መሥሪያ ቢሸጥ በአሥር ዓመት እርሻ የማይገኝ ገንዘብ እንደሚገኝ ለአባቱ አስረዳ። ሦስተኛው ልጅ ገና ተማሪ ነበር። ሐጅ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እናቲቱ ግን «የሦስታችሁንም ደብተር የገዛው ይህ ሽንኩርት ነው፤ ገዢው ደብተር አይገዛም» አሉ።

ሐጅ ወደ ወዳጄ ዞሩ። «እኔ በሕይወቴ አልሸጥም» አሉት። «ግን ከእኔ በኋላ ፓምፑን የሚያስነሣ ከሌለ መሬቱ ራሱን አይጠብቅም። አንተ ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም? ዛሬ ንገረኝ።»

ወዳጄ የልዑኩ ደመወዝ የእርሻውን ገቢ ብዙ ጊዜ እንደሚያጥፍ ያውቃል። ያጨውም ልጅ ነበረችው፤ ለሠርጉ ገንዘብ ያስፈልገዋል። ጥቂት አሰበና «አባቴ፣ ውሌ በሚቀጥለው ዓመት ያበቃል፤ አላድሰውም፤ እመለሳለሁ» አለ። አባትየው የመረቁት ነገር አልነበረም። ከኪሳቸው የፓምፑን ክፍል ቁልፍ አውጥተው በመካከላችን ካለው ሰደቃ ላይ አስቀመጡ። እርሱም አንሥቶ ያዘው። በ2008 ዓ.ም. እንደ ቃሉ ተመለሰ።

ከዚያ በፊት የሄዱ ኢትዮጵያውያን

ካርቱም ለኢትዮጵያ ወታደር ታሪካዊ ቦታ መሆኗንም ሳላነሣ አላልፍም። በፋሽስት ወረራ ዘመን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ተነሥተው በ1932 ዓ.ም. ክረምት ካርቱም ገቡ። ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ በምትገኘው በሶባም ኢትዮጵያውያን ዕጩ መኮንኖች ሠልጥነዋል። ሶባ የጥንቱ ክርስቲያናዊ የዓልዋ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ከጥምቀት በዓል ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማችንን ሰቀሉ። ያ ጉዞም በዚሁ የብርድ ወራት የተደረገ ነው፤ ዝናብ ቢሆን ኖሮ ያ ቆላ ለግመልና ለእግረኛ ባልተመቸ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ ከዚያ በፊት የተመዘገበውን ሁሉ አለፈ። ሱዳንም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ዐወጀች። ወዳጄ ከታያው ሰዎች ጋር ሌሊቱን በጆንያ ተሸካሚነት አሳለፈ፤ ከጀርፉ የተወሰነው ቢሄድም ቤቱ ተረፈ።

ጆንያ የማይመልሰው ነገር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. መጣ። በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ በካርቱም መካከል ተነሣ። ቱቲ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተከበበች፤ ብቸኛው ድልድይ ተዘጋ፤ ምግብና መድኃኒት በጀልባ እንኳ በጭንቅ የሚገባ ሆነ። ነዋሪዎቿ ቀስ በቀስ ወጥተው በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴቲቱ ባዶ ለመሆን ተቃረበች። የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው።

ሐጅ ደሴቲቱን አልተዉም ብለው ቆይተው፣ በመጨረሻ ባለቤታቸውና የልጃቸው ቤተሰብ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘመዶቻቸው ዘንድ ይዘዋቸው ወጡ። በዚያው በእንግድነት ዐረፉ። ይህን ወዳጄ በላከልኝ የድምፅ መልእክት ሲነግረኝ ስለ ሀዘኑ ብዙ አላለም፤ «ቁልፉን ከእኔ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት» ብቻ አለ።

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ሌላ መልእክት ደረሰኝ። ወዳጄ ወደ ቱቲ ተመልሷል። የፓምፑ ክፍል በሩ ተገንጥሎ ሞተሩ የለም፤ የማንጎ ዛፎቹ ውኃ አጥተው ከግማሽ በላይ ደርቀዋል፤ ሎሚዎቹ ጥቂት አቈጥቍጠዋል። ጀርፉ ግን አለ። እናቲቱ ከቤት ሲወጡ ከልብሳቸው በፊት የቋጠሩት የባቄላ ዘር ነበር፤ ስደት ላይ ሳሉ ርቧቸው እንኳ አልበሉትም። ከዚያ ዘር ሩብ ፈዳን በማትሞላ መሬት ላይ ዘርቷል። ውኃውን እርሱና የታናሽ ወንድሙ በባልዲ ይቀዳሉ። የበኵሩ ወንድም ከዓረብ አገር ለአዲስ ፓምፕ የሚሆን ገንዘብ ልኳል፤ ስለ መሽጥ ከእንግዲህ አላነሣም።

ውድ አንባብያን፣ ከመካከላችን ወላጆቹ በእርሻ ላይ የሌሉበት ሰው ጥቂት ነው። የዕረፍት ፈቃድ ሲገኝ ከተማ ውስጥ ማሳለፍ ይቀናናል፤ ሚስትና ልጆችም የአያቶቻቸውን ማሳ ሳያውቁ ያድጋሉ። በቅርቡ ፈቃድ የምትወጡ ሁሉ አንድ ቀን ከአባታችሁ ጋር በማሳው ዙሪያ ብትዞሩ፣ የትኛው መሬት ምን እንደሚያበቅል፣ ድንበሩ ከየት እስከ የት እንደ ሆነ፣ ዘሩ ከየት እንደ መጣ ብትጠይቁና ብትጽፉት መልካም ነው። እናቶችም ዘሩን በየትኛው ቅል እንደሚያስቀምጡ ለምራቶቻቸው ያሳዩ። እኔ ይህን ባለፈው ጥር አድርጌዋለሁ፤ ከቱቲ የመጣ መልእክት ነው ያነሣሣኝ። የወዳጄ ባቄላ የሚሰበሰበው በየካቲት ነው።